አጸዱ የጠፋበት አጸደ ሕፃናት

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እለእስክንድሮስ የሰማዕቱን የጴጥሮስን መታሰቢያ ካከበሩ በኋላ ካህናቱን ለማዕድ እየጠበቁ ነበር። ያረፉበት ቤት ከባሕሩ ዳር በመሆኑ ዓይናቸው ወደ ውኃው ሄደ። አሸዋው ላይ ልጆች ይጫወታሉ። መጀመሪያ ነገሬ አላሏቸውም። ቆየት ብለው ሲያስተውሉ ግን ጨዋታው አባሮሽም ድብብቆሽም አልነበረም። አንዱ ልጅ ጳጳስ ሆኗል፣ ሌሎቹ ንዑሰ ክርስቲያን ሆነው ፊቱ ቆመዋል፣ ውኃውም እዚያው እግራቸው ሥር ነው። ሊቀ ጳጳሱ ደንግጠው ልጆቹን አስጠሯቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተው ካዱ፤ ሲጠየቁ ሲጠየቁ ግን "ጳጳሱ" ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ "ተጠማቂዎቹ" ምን ብለው እንደመለሱ፣ ጥምቀቱ እንዴት እንደተፈጸመ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሊቀ ጳጳሱ ከካህናቱ ጋር መክረው ፈረዱ፤ ሥርዓቱ ሳይጓደል ስለተፈጸመ እነዚያ ልጆች ዳግመኛ አይጠመቁም። ጳጳስ የሆነውን ልጅ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን እንዲያድግ አደራ አሉ። የልጁ ስም አትናቴዎስ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው። የዘመን ቆጠራውን የመረመሩ ምሁራን፣ አትናቴዎስ በዚያን ጊዜ በአሸዋ ላይ የሚጫወት ልጅ ሊሆን አይችልም እያሉ ይጠራጠሩታል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ጸሐፊው እንግዳ ሰው አይደለም። ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክ የለመነበትን፣ አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ማን አለ ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን የሾመበትን ታሪክ ያቆየን ይኸው ሩፊኖስ፣ በዚያው መጽሐፉ ነው። ትውፊቱን ለሚቀበል ሰው እንግዲህ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን ፍሬምናጦስን የሾመው እጅ በልጅነቱ ጳጳስ ጳጳስ ሲጫወት የነበረ እጅ ነው።

ከታሪኩ ውስጥ ትልቁ ነገር የልጁ ብልህነት አይደለም፤ የሊቀ ጳጳሱ አያያዝ ነው። "በቅዱስ ነገር ትቀልዳላችሁ?" ብለው ልጆቹን አላስገረፉም። ምን እያደረጋችሁ ነበር፣ እንዴት አደረጋችሁት ብለው ጠየቁ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ዕውቀት ለይተው አወቁ። በዛሬው ዘመን የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ከአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። በአገራችን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጥላ ሥር የሚተዳደሩ መዋዕለ ሕፃናት ግን በአብዛኛው ከዚህ መንገድ ርቀው፣ ከግል ኬጂዎች ጋር በደብተር ውፍረት ሲፎካከሩ ይታያሉ። ይህ ፉክክር የእነርሱ አይደለም፤ ሊተዉትም ይገባል።

አማርኛው ራሱ መንገዱን ያሳያል። መዋዕለ ሕፃናትን "አጸደ ሕፃናት" ብለን ስንጠራ የምንናገረው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለአዲሱ ተቋሙ ያወጣውን ስም ነው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። አጸድ የሚለው ቃል ግን በእኛ ዘንድ ሌላም ቦታን ያስታውሳል። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው፣ ጽድና ወይራ ያጠላበት ግቢም አጸድ ነው። በአንድ ቃል የተጠሩት ሁለቱ ቦታዎች፣ የዛፉ ጥላና የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ በተግባር ሲለያዩ ነው ችግሩ የጀመረው።

ፍሬበል የሉተራን ቄስ ልጅ ነበር። ለትንንሽ ልጆች የክር ኳስ፣ የእንጨት ኩብና ሲሊንደር ያዘጋጀው፣ የአትክልት መደብ ያካፈላቸው፣ በክብ ቆመው እንዲዘምሩ ያደረገው ልጅ በሚነካውና በሚሠራው ነገር የፈጣሪን ሥርዓት ያስተውላል ብሎ ነው። የፕሩስያ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1851 አጸደ ሕፃናትን በሙሉ ከለከለ። ክሱ ሕፃናትን ወደ ክህደት ይመራሉ የሚል ነበር። የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሬበል የጻፈው በአጎቱ ላይ ተላክኮበታል የሚሉ አሉ። ፍሬበል በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ጨዋታ ከእምነት ጋር ይጣላል የሚለው ሥጋት እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ የተነሣበትም ሰው ጨዋታን ከእምነቱ የቀዳ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። መዋዕለ ሕፃናት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የከተማና የአቅም ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በደርግ ዘመን በቀበሌዎች በኩል በርከት ብሎ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ቢሰጥም፣ ማቋቋሙ በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለማኅበረሰብና ለሃይማኖት ድርጅቶች ተተወ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አድባራትና ኢስላማዊ ተቋማት ክፍተቱን በየአቅማቸው ሲሸፍኑ ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴሮች፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ በጋራ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ሲያወጡ ከ100 ልጆች 10 እንኳ በቅድመ አንደኛ ትምህርት ገበታ ላይ አልነበሩም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለአንደኛ ክፍል መዘጋጃ የሆነው "ኦ ክፍል" ሲከፈት ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ከ40 በመቶ በላይ ዘለቀ። የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ እንዲኖር ደንግጓል።

ልጆቹ መጡ፤ የመጡበት ክፍል ግን ለእነርሱ አልተሠራም። ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይቻልም፤ በየከተማው ተደጋግሞ የሚታየው ሥዕል ግን የታወቀ ነው። የአራት ዓመት ልጆች በሦስት በሦስት አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ በኅብረት ይጮሃሉ፣ ከዚያ ወደ ደብተር ይገለብጣሉ። ቴስት አለ፣ ዲክቴሽን አለ፣ ማታ የሚሠራ ሆም ወርክ አለ። ሰኔ ላይ ካርድ ይሰጣል፤ አንደኛ የወጣ፣ ሁለተኛ የወጣች እየተባለ ሽልማት ይታደላል። ዩኬጂ የጨረሱት ጋውን ለብሰው፣ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ እየወደቀ ይመረቃሉ። ጨዋታ የሚባለው ከመክሰስ በኋላ የሚሰጥ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሱም ልጆቹ ካጠፉ የሚቀማ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የቄስ ትምህርት ቤት ነው የሚል አስተሳሰብ በተማረው ዘንድ ሰፊ ነው። ድሮም ሽምደዳ ነበር፣ አሁንም ሽምደዳ ነው ይባላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ጉድለቱ የሚደበቅ አይደለም፤ አርጩሜውና ቁንጥጫው በብዙ አዛውንት ትዝታ ውስጥ አለ፣ ልጁም ትርጉሙን የማያውቀውን ግእዝ ለወራት ያነበንባል። ይሁን እንጂ ያ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ከዛፍ ሥር ወይም ከደጀ ሰላም አጠገብ ነበር። ልጁ ፊደል ገበታውን ጭኑ ላይ አድርጎ በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል። ቀድሞት የገባው ልጅ ያስቆጥረዋል፤ እሱ ደግሞ በኋላ የመጣውን ያስቆጥራል። ንባቡ ከዜማ አይለይም። ክፍል የሚባል ነገር ስለሌለ ፈጣኑ አይጠብቅም፣ ዘገምተኛውም አይወድቅም።

ከሁሉም በላይ አቡጊዳ አለ። ሀ ሁ ሂን በዜማ የለቀመ ልጅ ፊደሉን ሳያውቅ ተራውን ብቻ ሊያንበለብል ይችላል። መሪጌታው ይህን ስለሚያውቅ ተራውን ያፈርስበታል። አ ከግእዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኃምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ፤ ገበታው ሰያፍ እየተቆረጠ እንደ አዲስ ይደረደራል። አሁን ጆሮ ብቻውን አያድንም፤ ዓይን መሥራት አለበት። ይህን የፈጠረ ሰው የትንሽ ልጅ አእምሮ የት እንደሚሸውድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ መልሱም ቁጣ ሳይሆን እንቆቅልሽ ነው።

በዓላቱን ደግሞ እንይ። በነሐሴ ወር ልጆች ጅራፍ ገምደው የሚያጮሁት ለጫጫታ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የጅራፉን ድምፅ በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር፣ ችቦውን በተራራው ላይ ከታየው ብርሃን ጋር፣ ሙልሙሉን ለእረኞቹ ልጆች ከተወሰደው እንጀራ ጋር አያይዛ ታስተምራለች። የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ብርሃነ መለኮቱ ሰባኪ ቢያብራራለት አይገባውም። ጅራፉ ሲጮኽ ግን ይደነግጣል፣ ችቦው ሲበራ ፊቱ ይሞቀዋል፣ ሙልሙሉን ይበላል። በሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት ጠልፎ ጣቱ ላይ ያደርጋል። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ። ገና ሲደርስ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የሚያሳድዱት ትልልቆቹ ናቸው፤ በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታም ቢሆን መቆጣት እንደማይገባው የቆየ አባባል አለን። ሃይማኖቱ ጨዋታን የፈራበት ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ?

በእስልምናውም በኩል ያለው ነገር ከዚህ ያነሰ አይደለም። በሐዲስ መጻሕፍት እንደሚነገረው ነቢዩ ሙሐመድ እያሰገዱ ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ወጣ። ሰጋጆቹ ምን ሆኑ እስኪሉ ድረስ ሱጁዱ ረዘመ፤ በኋላ ሲጠየቁ ልጁ ሳይጠግብ ላስቸኩለው አልወደድሁም ብለው እንደመለሱ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ታላቁ ሊቅ አል ገዛሊም ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ልጅ ከትምህርቱ ሲወጣ ድካሙን የሚያወጣበት ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ ከልክሎ ትምህርት ብቻ ማሸከም ልቡን እንደሚገድልና አእምሮውን እንደሚያደነዝዝ አስጠንቅቀዋል። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ምክር ነው። ዛሬ በቁርአን ቤት ሎሕ ላይ ጽፎ፣ አጥቦ፣ እንደገና የሚጽፍ ልጅ ከቀለሙና ከውኃው ጋር ያለው መነካካት ራሱ በፎቶ ኮፒ ከታተመ መልመጃ ይልቅ ለእጁ የቀረበ ነው።

እንግዲህ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መገልበጥ ከየት መጣ? ከአጸዱ አልመጣም። የመጣው የአንደኛ ክፍልን ትምህርት ቁልቁል ስቦ አራት ዓመት ላይ ከማውረድ፣ ከከተማው የክፍያ ገበያና ከእንግሊዝኛ ጉጉት ነው። የግል ኬጂ ወላጁን ለመሳብ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ደብተር ደግሞ ዓይን ይሞላል። የሃይማኖት ተቋሙ መዋዕለ ሕፃናት ተማሪ እንዳያጣ ያንኑ ተከተለ።

በጨዋታ መማር ሲባል ልጆቹን ለቆ ከዳር መቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እቃቃን ብቻ እንውሰድ። ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች ከጭቃ እንጀራ ይጋግራሉ፣ በቆርኪ ወጥ ያወጣሉ፣ አንደኛዋ እናት ትሆናለች፣ አንደኛው ከሥራ ይመጣል። እንግዳ ሲጨመር አንድ ቆርኪ ይጎድላል፤ ስንት ይበቃናል የሚለው ጥያቄ ሒሳብ ነው። "አንተ እኮ አባት ነህ፣ አታልቅስ!" ሲባል ልቅሶውን የሚውጠው ልጅ ራሱን መግዛት እየተማረ ነው። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ሸምበቆ ጋልቦ ፈረስ ነው የሚል ልጅ ትርጉምን ከቁሱ መለየት ጀምሯል፣ ፊደልም ከዚህ ሌላ አይደለም፤ ጭረት ነው፣ ድምፅ ነው ተብሎ የሚታመን። መምህርቷ በመካከል ገብታ "ዋጋው ስንት ነው? ለምን ተወደደ?" ስትል ጨዋታው ገበያ ይሆናል፤ ልጆቹም ከደብተር የማያገኙትን ቃል ያወጣሉ።

ፊደላችንም ለጨዋታ የተመቸ ነው። 33ቱን ፊደላት በ7ቱ ቤት ስናባዛ 231 ይመጣል። ለሚሸመድድ ልጅ ይህ ተራራ ነው። ሥርዓቱን ላገኘ ግን እንቆቅልሽ ነው። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ ቀኝ ጎናቸው ላይ ቅጥያ አላቸው፤ ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ ከእግራቸው ሥር ቀለበት። ካርቶን ላይ የተቆረጡ ፊደላትን ለቤታቸው እንዲለዩ የተሰጣቸው ልጆች ይህን ሕግ ማንም ሳይነግራቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። ወዲያውም "ሩ ለምን እንደ ሌሎቹ አልሆነም?" የሚል ይነሣል። ያ ጥያቄ መቶ ጊዜ ከመገልበጥ ይበልጣል። ሰኞ ማክሰኞ ቁጥርና ሚዛን ነው። በእንቆቅልሽ ሲያሸንፍ "አገር ስጠኝ" የሚለው ልጅ ደግሞ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን እየተቀበለ የአገሩን ካርታ በጆሮው ያውቃል።

ይህ ሁሉ ናፍቆት ብቻ እንዳይመስል፣ ከውጭ የተደረጉ ጥናቶችም የሚሉት አላቸው። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 2,990 ልጆችን የተከታተለ ጥናት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥቷል። የቅድመ መደበኛ ዕድል በዕጣ የደረሳቸው ልጆች መጀመሪያ ላይ ካልደረሳቸው ይበልጡ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ፈተና ከእነርሱ በታች ሆኑ፣ የሥነ ምግባር ክሱም በዛባቸው። ምክንያቱ አንድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ከጥናቱ መሪዎች አንዷ ዴል ፋራን ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት ልጆቹ በጅምላ ቁጭ ብለው አስተማሪ በሚሰሙበትና ሲንቀሳቀሱ በሚገሠጹበት ሰዓት ብዛት ላይ ነው። ቀደም ሲል በሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ 68 ልጆችን በሦስት ዓይነት አያያዝ ከፍሎ እስከ 23 ዓመታቸው የተከተለ ጥናት ነበር። በቀጥታ ትምህርት ብቻ የተያዙት በጉልምስና መጀመሪያ ላይ የስሜት ችግርና ከሕግ ጋር መጋጨት በዝቶባቸው ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን የተከታተለው ጥናት ምርጥ ሆነው ያገኛቸው መዋዕለ ሕፃናት ጨዋታን ከመምህር ምሪት ጋር ያመጣጠኑ ናቸው። መለያቸውም ትልቅ ሰውና ልጅ አንድን ሐሳብ አብረው እያሰላሰሉ መቆየታቸው ነበር። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በባሕሩ ዳር ያደረጉት ዓይነት ነገር።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከወላጅ ይመጣል። "ልጄ ሲጫወት እንዲውል ነው የምከፍለው? ጨዋታማ ሰፈርም አለ።" ይላል፤ እውነት አለው። ችግሩ ሰፈሩ እየተለወጠ መሆኑ ነው። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ፣ ግቢው ለመኪና የተሰጠበት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ልጅ፣ ጭቃ የሚነካበት ቦታ የለውም። አዲስ አበባ ለቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ የሕፃናት መጫወቻ ቦታዎችን ማዘጋጀት የጀመረችውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከመምህርቷ ይመጣል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ሃምሳ ልጅ በጭቃ ቢለቀቅ ማን ያጥባል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በምክር ብቻም አይፈታም። ተጨማሪ ሰው፣ ውኃና ቦታ ይጠይቃል። የግል ኬጂ እነዚህን ሁሉ መግዛት አለበት። ደብሩ ግን ግቢው አለው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉት፤ ተረት የሚያውቁ፣ ጊዜ ያላቸው እማሆይና አዛውንት አሉት። መስጊዱም እንዲሁ።

ሦስተኛው ከአገልጋዮች ዘንድ ይሰማል፤ ቅዱስ ነገር መጫወቻ መሆን የለበትም የሚል። ድንበሩ መጠበቅ አለበት፤ የእውነቱ ንዋየ ቅድሳት ለልጆች አይሰጥም። ሌሎች ግን በድንበሩ ውስጥ ሆነው ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 በሮም የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈቱት ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ካቶሊክ ነበሩ። በኋላ በባርሴሎና በተደረገው ሙከራቸው ትንንሾቹ ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴና ወይን ራሳቸው ዘርተው እንዲንከባከቡ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ፣ እዚያው ሮም፣ ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በቁመታቸው ልክ የተሠራ መንበር፣ የእንጨት በጎችና እረኛ ያለበት ክፍል አዘጋጁ። ልጆቹ በጎቹን እያንቀሳቀሱ ስለ መልካሙ እረኛ ያስባሉ፤ አስተማሪዋ ትጠይቃለች እንጂ አትሰብክም። በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ነርሰሪ ውስጥ አሻንጉሊት "ማጥመቅ" የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በጨዋታ መማርን መሠረት ያደረገው የአገሪቱ የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶቹንም ይገዛል። የሃይማኖት ትምህርት በሕግ ግዴታ የሚሆነው እዚያ ከነርሰሪ ቀጥሎ ካለው ክፍል ጀምሮ ነው።

የእኛ ሕግ ከዚህ ይለያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኗ ያቋቋመችው መደበኛ መዋዕለ ሕፃናት የሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም፤ በአንዱ አግዳሚ ላይ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጅ ሊኖር ይችላል። ጨዋታ እዚህ ላይ ይረዳል። ስብከት ሳይገባ ችቦውም የዒዱ ጣፋጭም የሁሉም ልጆች ትዝታ ይሆናል። የሃይማኖት ተቋሙ እምነቱን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚገልጸው በመዝሙር ብዛት ሳይሆን ልጁን በሚይዝበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ብሎታል። ነቢዩ ዘካርያስም የታደሰችውን ኢየሩሳሌም ሲሥል ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችንና በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን አንድ ላይ አስቀምጧል።

ከቋንቋው አገር ውጭ ያሉትንም ይህ ይመለከታቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የተወለዱ ልጆች ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፊደል ሲቆጥሩ ይውላሉ። በሳምንቱ ቀናት በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ሲጫወቱ ተምረው፣ ቅዳሜ በአማርኛ ተቀምጠው እንዲደግሙ ሲደረጉ፣ አማርኛ የቅጣት ቋንቋ ይመስላቸዋል። እዚያ አቡጊዳን በካርቶን ቆርጦ መበተን፣ ተረቱን በአሻንጉሊት መሥራት ቋንቋውን የማዳን ጉዳይ ነው።

ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቤት ሥራንና የደረጃ ካርድን ማስቀረት ከአንድ የአስተዳደር ስብሰባ በላይ አይፈልግም። በካርዱ ምትክ ልጁ የሠራውን ሥዕል፣ ያወራውን ተረት፣ የቆጠረውን ጠጠር መዝግቦ ለወላጅ ማሳየት ይቻላል፤ ዓይን መሙላት ካስፈለገ ይህም ይሞላል። ጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት፣ ልጁ ትኩስ በሆነበት ጊዜ፣ ለውጭ ጨዋታ ይሰጥ። ዕቃው ከውጭ የሚገዛ ፕላስቲክ መሆን የለበትም፤ ጭቃ፣ ቆርኪ፣ ሸምበቆ፣ ጨርቅ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ጨዋታ የሚቀማ ቅጣት ይቅር። መምህርቷም በሳምንት አንድ ቀን ሳትናገር ተቀምጣ የልጆቹን ጨዋታ የምትመዘግብበት ሰዓት ይኑራት።

የግል ኬጂ የሌለው፣ የሃይማኖት ተቋም ብቻ ያለው ነገር ግን አውደ ምሕረቱና ሚንበሩ ነው። ወላጅ የሚፈራው ልጄ ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ ነው፤ ያን ፍርሃት የትምህርት ቢሮ ሰርኩላር አያነሣለትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የሚያምነው ሰው ስለ አትናቴዎስ ወይም ስለዚያ የረዘመ ሱጁድ ቢነግረውና "ልጅህ ሲጫወት ውሎ ቢመጣ አትቆጣ፤ ምን እንደተጫወተ ጠይቀው" ቢለው ይሰማል። አንድ ደብር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ምዝገባ በሚጀመርበት ወቅትና በሰኔ፣ ይህን ቢያደርግ በሰፈሩ ያሉት የግል ኬጂዎችም መከተላቸው አይቀርም፤ ገበያው የሚሄደው ወላጁ ወደሚሄድበት ነውና።

በብዙ አድባራት ግቢ ከሳምንቱ ቀናት በአንዱ፣ ረፋድ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ቅዳሴ የለም። ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ከጽዱ ሥር ያለው ሣር ባዶውን ነው፤ አንዲት እናት ተሳልመው ይወጣሉ፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ። ከግንቡ ማዶ ደብሩ ያሠራው መዋዕለ ሕፃናት አለ። ቆርቆሮው ግሏል፣ የልጆቹ ድምፅ በኅብረት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በግንቡ ላይ አንድ የብረት በር አለ። ቁልፉ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።